የበያጁ እጅና የተማሪው እርሳስ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው በሥራ ቀን ጧት ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ የመዶሻና የግራይንደር ድምፅ ይቀበለዋል። ከጎፋ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ በየመንገዱ ዳር ጋራዥ አለ፤ በጋራዡም ደጃፍ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ብረት ሲበይድ ይታያል። የሰፈራችን ስም ራሱ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚተላለፈውን ስልክ የሚያስታውስ ነው፤ አያቶቻችን በአዲስ መሣሪያ ተደንቀው ስም ያወጡለት ሰፈር ነው ማለት ነው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን በዚሁ ሰፈር መሣሪያ የሚሠራውን ሰው አልፈነው ስንሄድ ዐይናችንን ከብየዳው ብርሃን ብቻ ሳይሆን ከሰውየውም ጭምር እናዞራለን።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ብየዳ ከትምህርት የተረፈ ሰው የሚጣልበት ሥራ አይደለም፤ ትምህርት ራሱ የሚፈተንበት ሥራ ነው። ይህንም ለማሳየት ከበያጅ ሥራዎች ሁሉ እጅግ ከባድ ከሆኑት አንዱን፣ ይኸውም ቱርቦ ለተገጠመለት ሮታሪ ሞተር የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ መሥራትን ምሳሌ አደርጋለሁ። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው መኪና በሰፈራችን ጎዳና ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም የአንድ ሙያ ልክ የሚታወቀው በቀላሉ ሥራ ሳይሆን በከባዱ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ከምናውቀው እንጀምር። በሞተር ውስጥ ነዳጅና አየር ተቃጥለው ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ የሚቀረው ትኩስ ጭስ በየቀዳዳው ይወጣል። ከየቀዳዳው የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ ወደ አንድ መንገድ የሚያገናኘው የብረት ክፍል ማኒፎልድ ይባላል፤ ከእርሱ በኋላ ጭሱን እስከ መኪናው ጅራት የሚወስደውንና ድምፁን የሚያለዝበውን ሁላችንም ማርሚታ እንለዋለን። የሰፈራችን በያጅ የዘወትር ሥራው የተበሳ ማርሚታ መድፈን ነው። ዝገቱን ፍቆ፣ ላሜራ ቆርጦ፣ በመዶሻ አጠማዞ፣ በኤሌክትሮድ ዙሪያውን ይበይደዋል። ባለ መኪናውም ቆሞ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ ከቀነሰ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል።

ቱርቦ ያለበት ሞተር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ናቸው። አንደኛውን የሚወጣው ጭስ እየገፋ ያዞረዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ኀይል አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። እንግዲህ በከንቱ ይጣል የነበረው ጭስ ሥራ ተሰጠው ማለት ነው።

ይህ መሣሪያ ለእኛ አገር የተለየ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በጂቡቲ ወደብ ከሚተነፍሰው አየር አንድ አራተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል፤ በእንጦጦ ዳገት የሚያቃስተውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን አየር ጨምቆ ያሟላል። በመንገዳችን ከሚመላለሱት የናፍጣ የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ ቱርቦ አላቸው። የእነዚህ መኪኖች ማኒፎልድ በሙቀት ሲሰነጠቅ ተጠርቶ የሚመጣው ያው የሰፈራችን በያጅ ነው። ስለዚህ ወደ ሮታሪው የምሄደው ከሰፈራችን ለመራቅ አይደለም፤ የእርሱን ሥራ ጥልቀት በጉልህ ለማሳየት ነው።

በተለመደው ሞተር ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ በሮታሪ ሞተር ግን ፒስተን የለም። ጎኖቹ ትንሽ ያበጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ ወገቡ ገባ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ እየዞረ አየርና ነዳጅ ይስባል፤ ይጨምቃል፤ ያቃጥላል፤ ጭሱንም ያስወጣል። ሐሳቡን ያፈለቀው ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ነው፤ የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር ኤን ኤስ ዩ በተባለው የጀርመን ፋብሪካ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1957 ተነሣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ሞክረው ተዉት። የጃፓኑ ማዝዳ ግን በ1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለውን መኪና አውጥቶ በሐሳቡ ጸና፤ በ1991 በፈረንሳይ አገር በሚደረገው የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ባለ አራት ሮተር መኪናው አንደኛ ወጣ። ያ አሸናፊ መኪና ቱርቦ አልነበረውም፤ ነገር ግን ማዝዳ ከ1982 ጀምሮ ለአንዳንድ ሮታሪ መኪኖቹ ቱርቦ ገጥሟል። ዛሬም በጃፓን፣ በአውስትራልያ፣ በኒው ዚላንድና በአሜሪካ ለእነዚህ ሞተሮች ማኒፎልድ በእጃቸው እየበየዱ የሚኖሩ ባለ ትንንሽ ጋራዦች አሉ።

የዚህ ሞተር ጭስ ማውጫ ከሌላው ይልቅ የሚያስቸግረው ስለ ምን ነው? አንደኛ፣ ሮታሪ ሞተር ጭሱን የሚከፍትና የሚዘጋ ባልቦላ የለውም፤ የሚዞረው ብረት ቀዳዳውን ሲያልፈው መንገዱ በድንገት ይከፈታል፤ ጭሱም ገና እየነደደ ጭምር በኀይል ይወጣል። ሞተሩ ሲጫን የጭሱ ሙቀት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ስለሚችል ማኒፎልዱ እንደ ፍም ይቀላል። ሁለተኛ፣ በተለመደው ባለ አራት ምት ሞተር አንዱ ሲሊንደር ጭስ የሚያስወጣው ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ነው፤ በሮታሪ ግን እያንዳንዱ ሮተር ዘንጉ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ያስወጣል። ስለዚህ በአንዲት ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው የጭስ ምት እጥፍ ነው። ሦስተኛ፣ ይህ የጋለና የሚመታ ብረት ብዙ ኪሎ የሚመዝን ቱርቦ በጫፉ ተሸክሞ መቆም አለበት። ሙቀት፣ ምትና ክብደት በአንድነት የሚፈትኑት ብየዳ ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ማኒፎልድ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ቧንቧ አይቆርጥም፤ ያስባል። ቱርቦው የት ይቀመጣል? ከፍሬን ዘይት መስመርና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ምን ያህል ይርቃል? ኮፈኑ ሲዘጋ ይነካዋል ወይ? ብሎኑን ለመፍታት ቁልፍ ይገባል ወይ? ይህን ሁሉ ከለካ በኋላ ብረቱን ይመርጣል። የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ ግድግዳው ወፈር ያለ ስቴንለስ ቧንቧ ነው። ከሞተሩ ጋራ በብሎን የሚታሰረውን ፍላንጅ ደግሞ ከወፍራም ብረት ይቆርጠዋል፤ ስስ ከሆነ በብየዳው ሙቀት ይጣመማልና።

ቀጥሎ መታጠፊያው ይመጣል። ቀጥ ያለውን ቧንቧ በ90 ዲግሪ ለማጠፍ ቧንቧውን በስድስት ቁራጭ ከፍሎ በአምስት ቦታ ቢያገናኘው፣ እያንዳንዱ መገናኛ 18 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ ስለዚህ የየቁራጩ አፍ በ9 ዲግሪ ይቆረጣል። በአንዱ መገናኛ በሁለቱም አፎች አቆራረጥ ግማሽ ግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት በመገናኛው የአንድ ዲግሪ ስሕተት ይሆናል፤ ስሕተቱ በአምስቱም ላይ ከተደጋገመ ቧንቧው ቱርቦው ካለበት ቦታ አይደርስም። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለው ለዚህ ነው። የሁለቱ ሮተሮች ቧንቧዎችም የጭሱ ምት በእኩል ልዩነት ወደ ቱርቦው እንዲደርስ በተቻለ መጠን እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው ይደረጋል።

ከዚህ በኋላ ብየዳው ነው። ቁራጮቹ መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ይያያዛሉ፤ ሞተሩ ላይ ተገጥመው ይታያሉ፤ ከዚያ በቲግ መበየጃ በጥንቃቄ ይበየዳሉ። ስቴንለስ የማይዝገው በውስጡ ባለው ክሮሚየም ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ቀልጦ ሳለ አየር ካገኘው ይቃጠላል። ከውጭ ያለውን ብየዳ ከመበየጃው የሚወጣው አርጎን ጋዝ ይጠብቀዋል፤ የቧንቧውን ውስጥ የሚጠብቀው ግን ማን ነው? ዐዋቂው በያጅ የቧንቧውን ጫፎች ደፍኖ በውስጡም አርጎን ይሞላል። ይህን ካላደረገ ብየዳው ከውጭ እንደ ብር አብረቅርቆ ከውስጥ ጥቁር የሻከረ ቅርፊት ያበቅላል። ቅርፊቱ አንድ ቀን ይረገፋል፤ በደቂቃ 100,000 ጊዜ የሚዞረውን የቱርቦ ምላጭም ይመታዋል። ሥራው ሁሉ የተበላሸው ዐይን በማያየው በኩል ነው ማለት ነው።

ፍላንጁ ደግሞ ብየዳው እስኪያልቅና ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ላይ በብሎን ታስሮ ይቆያል። ቸኩሎ የፈታው ሰው ፍላንጁ እንደ ቆዳ ሲኮማተር ያያል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ጓርኒሲዮን ቢያስገባ ጭሱ ማምለጫ አያጣም።

አሁን ጓደኞቼን ልጠይቅ። ብረት ሲሞቅ እንደሚለጠጥ በፊዚክስ ተምረናል። አንድ ሜትር ስቴንለስ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ከሜትሩ ሚሊዮን እጅ 18 እጅ ያህል ይረዝማል። እንግዲህ 40 ሴንቲሜትር የሆነ ቧንቧ በ800 ዲግሪ ቢሞቅ ምን ያህል ይረዝማል? መልሱ ከ5 ሚሊሜትር ተኩል በላይ ነው። ቧንቧው ለዚህ መላወሻ ካላገኘ ራሱን ይሰነጥቃል፤ ወይም ብሎኑን ይበጥሳል። በፈተና ወረቀት ላይ ይህን ጥያቄ የተሳሳተ ተማሪ ሁለት ነጥብ ያጣል፤ በማኒፎልድ ላይ የተሳሳተ በያጅ ግን የሰው ሞተር ያጠፋል። የቧንቧው አቆራረጥ የሒሳብ ትምህርት ነው፤ የአርጎኑ ነገር የኬሚስትሪ ነው፤ የሙቀቱና የምቱ ነገር የፊዚክስ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ራስና በሁለት እጅ የሚያዋሕድ ሰው ያልተማረ ሊባል እንዴት ይቻላል?

አንዳንድ ሰው፣ «የሰፈራችን በያጆች ይህን ሁሉ አልተማሩም፤ ሆኖም ይሠራሉ» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው። በሰፈራችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ በያጅ አሉ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብዙ ጊዜ አጠገባቸው እቆማለሁ። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ሙቀቱ መብቃቱን በምን ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በመልኩ ነዋ!» አሉኝና ሳቁ። ቀጥለውም፣ «እኔን ያስተማረኝ መምህር የለም፤ ያቃጠለኝ ብረት ነው ያስተማረኝ» አሉኝ። እጃቸውን ለማየት ዕድል ያገኘ ሰው ቃላቸውን ያምናል። የተቃጠለ ጠባሳ ያልጎበኘው ጣት የላቸውም።

እኔ የጋሼን ዕውቀት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ዕውቀት ሁሉ በቃጠሎ መገኘት አለበት ብዬ አላምንም። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን የጭነት መኪናቸው ማኒፎልድ ተሰንጥቆ በአንድ ጋራዥ አስበየዱት። ከላይ ሲታይ ያማረ ብየዳ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናው ኀይል አጣ፤ ቱርቦው ተፈትቶ ሲታይ ምላጮቹ ተቆራርጠው ተገኙ። ከኤሌክትሮዱ የቀረው ቅርፊት በቧንቧው ውስጥ ሳይጠረግ ስለ ቀረ ተረግፎ የመታቸው መሆኑን የፈታው መካኒክ ተናገረ። ጎረቤታችን ከዚያ መኪና በቀር መተዳደሪያ የላቸውም፤ አዲስ ቱርቦ እስኪገዙ ድረስ ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጡ። የበየደው ሰው ሰነፍ አልነበረም። የጎደለው ነገር ቢኖር ስለ ቧንቧው ውስጥ የነገረው ሰው ብቻ ነው።

ጉዳቱ በመኪና ብቻ አያበቃም። ከተሰነጠቀ ማኒፎልድ የሚያመልጠው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ይይዘዋል። መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሕፃን ታቅፋ የምትሄድ እናት የበያጁን ሥራ በአፍንጫዋ መርምራ ማወቅ አትችልም። በያጁ ራሱም ይጎዳል። ያለ መከላከያ መነጽር የተመለከተው የብየዳ ብርሃን ዐይኑን የሚመታው በማይታይ ጨረር ስለ ሆነ፣ ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ወተት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የተጠጣ ወተት ወደ ሆድ ይወርዳል እንጂ ጭሱ ወደ ገባበት ሳንባ አይደርስም። መድኃኒቱ ዚንኩን አስቀድሞ መፋቅና ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ መሥራት ነው። ይህን ለማወቅ ሰው ሠላሳ ዓመት መቃጠል አይገባውም፤ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይበቃዋል።

ታዲያ ይህ የአንድ ሰዓት ትምህርት ለምን አልደረሰም? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፤ ንቀትም አለበት። ብረት ሠሪውን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። አያቶቻችን ማረሻና ማጭድ ለሚሠራላቸው ሰው ቡዳ የሚል ስም ሰጥተው፣ በሠራው ማረሻ እያረሱ ከማዕዱ ይሸሹ ነበር። ነገሥታቱ ግን ነገሩን አስተውለውት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ብረት ማቅለጫ አቋቁመው፣ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አብረው መድፍ እንዲሠሩ አደረጉ፤ ሴባስቶፖል የተባለውም ትልቅ መድፍ የተሠራው በዚያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውንም ሸማኔውንም ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው መስደብን ከለከሉ። በዚያው ዓመት ገደማ እንግሊዛዊው ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከጂቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ማስገባቱን ሳስብ እገረማለሁ። መኪናውና አዋጁ አብረው መጡ ማለት ነው። መኪናውን ወዲያው ተቀበልነው፤ አዋጁን ግን እስከ ዛሬ በልባችን አላስገባነውም።

በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲከፈት የእጅ ሥራ ከመንገድ ዳር ወደ መማሪያ ክፍል ገባ። ዛሬ ደግሞ በእኛው ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ቤቱ አለ፤ ወደ ቤቱ የምንልከው ማንን ነው? ጥያቄው ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ በየቤቱ የተሰማው ለቅሶ ገና ከጆሯችን አልወጣም። በዚያው ሰሞን ከብዙ ሰዎች አፍ የሰማሁት ማጽናኛ፣ «ምን ይደረግ፣ እንግዲህ ቴክኒክና ሙያ ይግባ» የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ማጽናኛ ሁለት ሰዎችን ይሳደባል። የወደቀውን ልጅ ለቀረ ነገር ብቻ የምትበቃ ነህ ይለዋል፤ ሙያውንም የወደቀ ሰው የሚበቃህ ነህ ይለዋል። የ9 ዲግሪውን አቆራረጥና የ5 ሚሊሜትሩን መለጠጥ ያየ ሰው ግን ይህ ሙያ በሒሳብ የበረታ ተማሪ እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ጋሼ ራሳቸው የተናገሩት ነው። «ልጄ ይህን መበየጃ እንዳይዝ ነው የምለፋው» አሉኝ። ሰው በሙያው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ ልጆች አሳድጎበት፣ ቤት ሠርቶበት ለልጁ የማይመኘው ከሆነ፣ ሥራው ከባድ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ሐኪምም ሌሊት ይሠራል፤ ገበሬም በፀሓይ ይቃጠላል። ጋሼ ለልጃቸው የፈሩለት ቃጠሎውን ሳይሆን የሰውን ዐይን ይመስለኛል።

እኔ በበኩሌ አሳቤን ለወላጆቼ በዚህ መጽሔት ፊት እገልጣለሁ። በሚመጣው ፈተና ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ ቢበቃም ባይበቃም መማር የምፈልገው የብረታ ብረት ሥራና ብየዳ ነው። አባቴ በቢሮ ወንበር ተቀምጬ ሊያየኝ እንደሚመኝ ዐውቃለሁ፤ እናቴም ልብሴ ዘይት እንዳይነካው ትፈልጋለች። ምኞታቸው ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። የምለምናቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ይህን በር ስመርጥ ሌላ በር የተዘጋብኝ አድርገው እንዳያለቅሱልኝ። ልባቸው እንዲያርፍ የሚያስፈልገኝ ማስረጃ ቢኖር የሦስት ትምህርቶች ደብተሬ ነው፤ ሦስቱም በአንድ ማኒፎልድ ውስጥ እንዳሉ ከላይ አሳይቻለሁና።

«የነዳጅ መኪና ዘመን እያለፈ ሳለ የጭስ ማውጫ ሙያ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄም እንደሚነሣ እጠብቃለሁ። በእርግጥ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በመንገዳችን በዝተዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። በመጀመሪያ፣ አዲስ ካልገባ ያለው ይጠገናል፤ በአገር ውስጥ ያሉት መኪኖች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ እያረጁ በሄዱ ቁጥርም በገበያ የማይገኝላቸውን ክፍል በእጁ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሁለተኛ፣ ብየዳን የተማረ ሰው የተማረው ጭስ አይደለም፤ ብረት ነው። ስቴንለስን ከውስጥና ከውጭ ጠብቆ መበየድ የሚችል እጅ የወተት ማቀነባበሪያ ጋን፣ የሆስፒታል የእንፋሎት ቧንቧና የባትሪ መያዣ ሣጥን ይሠራል። ሮታሪ ሞተር ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ማዝዳ በ2012 አር ኤክስ 8 የተባለውን መኪና መሥራት ሲያቆም ብዙ ሰው ሞተሩ ሞተ ብሎ ነበር፤ በ2023 ግን ኤምኤክስ 30 በተባለ መኪና ውስጥ ለኤሌክትሪኩ ባትሪ ኀይል ማመንጫ ሆኖ ተመልሶ መጣ። በሚገባ የተጠና ዕውቀት ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፣ ምክሬን በትንሹ እጀምራለሁ። መምህሮቻችን በዓመት ጥቂት ቀን እንኳ ቢሆን የሰፈራችንን በያጆች ወደ ትምህርት ቤታችን ቢጋብዙ፣ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜውም ወደ ጋራዥ ቢወጣ፣ የብረትን መለጠጥ በሰሌዳ ላይ ካየነው ይልቅ በፍላንጅ ላይ ስናየው አንረሳውም። እኛ ተማሪዎች በፋንታችን ለበያጆቹ የምናበድረው ነገር አለን። ስለ ጭሱ፣ ስለ ጨረሩ፣ ስለ ቧንቧው ውስጥ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ በንጹሕ አማርኛ አዘጋጅተን በየጋራዡ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ይህን ለመሥራት ከክፍሌ ጓደኞች ጋራ ተነጋግረን ጀምረናል፤ ጋሼም የመጀመሪያውን ወረቀት በራሳቸው በር ላይ ለመለጠፍ ፈቅደውልናል።

ባለ መኪናዎችም አንድ ነገር ይገባቸዋል። ርካሽና ፈጣን ብየዳ የሚፈልግ ደንበኛ በያጁን ርካሽና ፈጣን ያደርገዋል። ለልኬት፣ ለማጽዳትና ለማቀዝቀዝ የሚወስደውን ጊዜ ዋጋ ብለን ካልከፈልንበት፣ በያጁ ስለሚታየው ወገን ብቻ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ወላጆችም ልጃቸው ስለ ሙያ ሲናገር ከመደንገጥ ይልቅ፣ «ልኩን ታውቀዋለህ ወይ?» ብለው ቢጠይቁት ይሻላል። ልኩን ካወቀ ሙያው ያኮራል፤ ካላወቀ ግን ዲግሪም ቢሆን ባለቤቱን አያድነውም።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። እኔ ይህን ተረት የምወደው ሥራ የሚያውቅበትን ሰው እንደሚፈልግ ስለሚናገር ነው። ጓደኞቼ ሆይ! ነገ ጧት በጎፋ ወይም በሳሪስ መንገድ ስታልፉ ብየዳውን ያለ መከላከያ አትመልከቱ፤ ዐይናችሁን ይጎዳልና። በያጁ ጭምብሉን ሲያነሣ ግን ቆም በሉና ፊቱን ተመልክታችሁ ሰላም በሉት፤ ምን እየሠራ እንደሆነም ጠይቁት። በእጁ ያለውን እርሱ ይንገራችሁ፤ በእርሳሳችሁ ያለውን እናንተ ንገሩት። ሁለቱ የተገናኙ ዕለት በንፋስ ስልክ የሚሠራ ማኒፎልድ በየትም አገር ከሚሠራው የማያንስ ይሆናል።